ከጀበል ኩጁር ግርጌ እስከ ኛኩሮን መድረክ

ጀበል ኩጁር በጁባ ከተማ ምዕራባዊ ዳርቻ የቆመ አለታማ ተራራ ሲሆን፣ ዙሪያው ዝናብ አውራጆችን ሲያከብር የኖረው የባሪ ሕዝብ ምድር ነው። በግርጌው የሰፈሩት ነዋሪዎች ከብዙ ብሔረሰቦች የተውጣጡ በመሆናቸው በጁባ ዓረብኛ፣ ማለትም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቱርክና ግብፅ አገዛዝ የጦር ሰፈሮች በተፈጠረው ቅይጥ ቋንቋ ይግባባሉ። ይህ ቋንቋ የማንም ጎሣ የግል ንብረት አለመሆኑ፣ አንድ ተራኪ ዲንካውን፣ ኑዌሩንና ባሪውን በአንድ አዳራሽ እንዲያስቅ ያስቻለ ዋነኛው ምክንያት ነው።

ተራኪዎቹ የሚቆሙበት የኛኩሮን መድረክ ታሪክ ኢትዮጵያንም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1972 በአፄ ኃይለ ሥላሴ አደራዳሪነት የተፈረመው የአዲስ አበባ ስምምነት የደቡብ ሱዳንን ራስ ገዝ መስተዳድር ሲያቋቁም፣ በጁባ የሚገኘው የኛኩሮን ባህል ማዕከልም በዚያው የሰላም ዘመን፣ በ1976፣ ለሙዚቃና ለትርኢት ተሠራ። ስምምነቱ በ1983 ፈርሶ ጦርነት ሲመለስ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ካርቱም፣ ወደ ኡጋንዳና ወደ ኬንያ ተሰደዱ፤ በስደት ያደጉት ልጆችም በካምፓላና በናይሮቢ ስታንድአፕ ኮሜዲን፣ ይኸውም አንድ ሰው ያለ ተውኔት ጓድና ያለ ልዩ የመድረክ አልባሳት ብቻውን ቆሞ የሚያስቅበትን ጥበብ፣ የማየት ዕድል አገኙ።

ከ2011 የደቡብ ሱዳን ነፃነት በኋላ በኛኩሮን ሥር የሰደደው «ኪልኪሉ አና» የተባለው ሳምንታዊ ትርኢት፣ በጁባ ዓረብኛ «ኮርኩሩኝ» እንደ ማለት ሲሆን፣ ኤምሲ ሉሞክስ በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው አይዛክ አንቶኒ ሉሞሪ ከመሥራቾቹ አንዱ ነው። ለጀማሪ ኮሜዲያን የመውጫው መንገድ ይኸው መድረክ ሆነ፤ አጫጭር ቀልድ ደርድሮ የሚወርደው ቶሎ ሲረሳ፣ የጥሎሽ ከብት ክርክርን፣ የኬላ ወታደርን፣ ከስደት የተመለሰ ወጣት የአያቱን ቋንቋ ሲስት የሚደርስበትን እፍረት እንደ ወግ አጣፍጦ የሚተርከው ግን ስሙን ይተክላል። ይህም በሌሊት እሳት ዙሪያ ተረት የማውጋት ነባር ልማድ በከተማ አዳራሽ መቀጠሉን ያሳያል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በጁላይ 2016 በጁባ የተቀሰቀሰው ውጊያ ጀበል ኩጁር አካባቢ ድረስ ዘልቆ ብዙ ሕይወት ቀጥፏል። እንዲህ ባለ ከተማ፣ በጦር መሣሪያ የተፋለሙ ወገኖች ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለራሳቸው ጎሣ በሚነገር ወግ መሳቃቸው ከብዙ የፖለቲካ ሰነድ የማያንስ የታሪክ ምስክር ነው። የደቡብ ሱዳን ታሪክ ጸሐፊዎች የጄኔራሎቹን መግለጫ በሚሰበስቡበት ትጋት የእነዚህን ተራኪዎች ቃል በጁባ ዓረብኛ ቀርጸው ሊያስቀምጡ ይገባል።