አዋጁ፣ በሬውና የቆቦ ሜዳ

ነጋሪት ጋዜጣ፣ አዋጅ ቁጥር 31/1967፤ የታተመ ወረቀት፤ አዋጁ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.

ተማሪዎች በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡበትን ጥያቄ ከአሥር ዓመት በኋላ ሕግ ያደረገው ይህ ወረቀት ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ መሸጥና ማከራየት ተከለከለ፤ የአንድ ቤተሰብ ድርሻ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ።

ግራ ዘመሞቹ ግን በቀጣዩ መንገድ አልተስማሙም። መኢሶን የተባለው ድርጅት ሥልጣን ለያዘው ወታደራዊ መንግሥት፣ ለደርግ፣ «ሒሳዊ ድጋፍ» ሰጠ፤ ተቀናቃኙ ኢሕአፓ በ«ዲሞክራሲያ» ጋዜጣው ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም አለ። ክርክሩ በጥይት ተዘጋ።

በራያዋ ቆቦ የመሬቱ ነገር ይበልጥ ይጨበጣል። የራያ ቆላ ገበሬ ማሽላና ጤፉን የሚያበቅለው ከዝናቡ ሌላ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው ጠልፎ ነው፤ ይህ ደግሞ ያለ ጎረቤት ጉልበት አይሆንም። መተባበርን ከካድሬ አልተማረም። የደርግ የአምራቾች ማኅበር ግን ሌላ ነገር ነበር፦ በ«ማልባ» ደረጃ መሬቱ ይጣመራል፤ በ«ወልባ» በሬውም ጭምር። በሬውን ማን በፈቃዱ ይሰጣል?

በ1982 የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ በአገሪቱ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በፍጥነት ፈረሱ። የመሬቱ ድንጋጌ ግን ከደርግ በኋላም ቀጠለ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ይከለክላል።