ቻይ ከተማ

ጎንደር ውስጥ አንድ የሥልጠና አዳራሽ በር ላይ ሰፊ ሸራ ተሰቅሎ አየሁ፦ «አይበገሬ ከተሞችን እንገንባ»። ሥልጠናው ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ምድር ደጋግማ ተናወጠች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ፤ ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። ስለ ዝግጅት መነጋገራችን ደግ ነው። ቃሉ ግን ጎረበጠኝ።

«አይበገሬ» ፈረንጆቹ «ሪዚሊየንስ» ለሚሉት የተሰጠ ትርጉም ነው። ከአየር ንብረት ሰነዶች ጋር «የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ» ተብሎ ሲነገር ከርሞ፣ አሁን ወደ ቤትና ወደ ከተማ ተዛመተ። ቃሉ በራሱ ውብ ነው። አይበገሬ ጀግና ነው፣ ምሽግ ነው፤ አንዲት ጋት አይለቅም። «ተበገረ» ብሎ በአዎንታ የሚናገር ሰው እንኳ እምብዛም አይሰማም። ነገር ግን መሬት መንቀጥቀጥ ከፊት ለፊት የሚመጣ ጠላት አይደለም፤ ከእግር ሥር ነው የሚነሣው። ምድር ስትሄድ አልሄድም ያለ ግንብ ይሰነጠቃል። ፋሲል ግቢ ያለው የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ በ1704 እ.ኤ.አ. በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቷል። ያ ግንብ በጥንካሬ የሚታማ አልነበረም።

ከግንቡ ውጭ ያለውን ያገራችንን የጭቃ ቤት ተመልከቱ። ማገሩ ከቋሚው ጋር በልጥ ታስሯል። ሲወዘወዝ ጭቃው ይረግፋል፤ እንጨቱ ካልበሰበሰ ግን ተያይዞ ይቆማል። የዛሬው መሐንዲስም ምሰሶ ውስጥ ያለውን ፌሮ በስታፋ አጠጋግቶ የሚያሳስረው ለዚሁ ነው፤ ምሰሶው ይጉበጥ፣ ግን አይሰበር። ጎበጥ ማለት፣ ማለትም መበገር፣ እዚህ ላይ ነፍስ ያድናል። «አይበገሬ» የሚለው ቃል የሚያወግዘው ደግሞ ይህንኑ ነው።

ታዲያ ምን እንበል? «መቋቋም» የሚሉ አሉ። ሥሩ «ቆመ» ነውና ፊት ለፊት ገጥሞ መቆምን ይናገራል። በዚያ ላይ «የተቋቋመ ከተማ» ስንል የተመሠረተ ከተማ ይሆንብናል። «ማገገም» እና «ማንሰራራት» ሕያው ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም ግን ከወደቁ በኋላ ያለውን ብቻ ይዘዋል። «ጽናት» ለሃይማኖትና ለጠባይ ይሁን።

እኔ የምመርጠው «ቻይነት»ን ነው። ሥሩ የግእዙ «ክህለ» ነው፤ «ከሃሊ» ከምንለው ጋር ቤተ ዘመድ ነው። በአማርኛ መቻል ማድረግም ነው፣ መሸከምም ነው። ዛፍ ላይ የወጣውን ልጅ እናቱ «ውረድ፣ ቅርንጫፉ አይችልህም!» ትለዋለች። ልጁ ምን ማለቷ እንደሆነ ለመረዳት ማንም አያስፈልገውም፤ ቅርንጫፍ ሲጎብጥም ችሎ ሲይዝም አይቷል። ቻይ ሰው ስንልም ብዙ ተሸክሞ ያልፈረሰውን ነው። ቻይነት ዝም ብሎ መቀበልን ያሰማል የሚል ክርክር እንዳለ አውቃለሁ፤ ለሰው ሲነገር እውነትነት አለው። ለቤት ሲነገር ግን ይችላል ወይስ አይችልም ብሎ ያስመረምራል። ከዚሁ ሥር ሌላም ይወጣል፤ ነባሩን ቤት ማሰሪያና ድጋፍ ጨምሮ ለመንቀጥቀጥ ማብቃትን «ማስቻል» ልንለው እንችላለን።

በቃል ምርጫ ይህን ያህል የምሟገተው ነገሩ ከነዋሪው ጆሮ መድረስ ስላለበት ነው። በ1953 ዓ.ም. መሬት መንቀጥቀጥ ካራቆሬና ማጀቴ ላይ ያደረሰው ጥፋት የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት «ራዲየስ» በተባለው ፕሮጀክት 9 ከተሞችን ሲመርጥ አዲስ አበባ አንዷ ነበረች፤ ትልቅ መንቀጥቀጥ ቢመጣ ጉዳቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ተጠንቷል። እንዲህ ያለ ጥናት ወደ ሰፈር ሲወርድ «አይበገሬ» የተባለ ባለቤት ግድግዳውን ያወፍራል። «ቻይ» የተባለው ግን ምኑ ከምኑ እንደታሰረ ይጠይቃል።

በዚያው አዳራሽ ከደባርቅ የመጡ አንድ አረጋዊ አናጢ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ምድር ስትነቃነቅ ቤቱ ይችላል ወይ ነው የምትለን?» አሉ። አሠልጣኙ «አዎ አባቴ፣ እሱን ነው» አላቸው። አጠገባቸው የተቀመጡት ሰዎች ያን ጊዜ ነው ደብተራቸውን የገለጡት።