ከሰም እስከ ብርሃን፦ የጥርስ ልክ አወሳሰድ ታሪክና የስሕተት ጉዞ

ከአፍ ውጭ ተሠርቶ ወደ አፍ የሚመለስ ማናቸውም ሰው ሠራሽ ጥርስ ዕጣው በእጅጉ የሚወሰነው አስቀድሞ በተወሰደው ልክ ነው። በልኩ ላይ የገባ ስሕተት በላቦራቶሪ ካልተደረሰበት ከሥራው ጋር አብሮ ወደ ሕመምተኛው አፍ ይመለሳል።

የፕሩሲያው ንጉሥ የታላቁ ፍሬድሪክ የጥርስ ሐኪም የነበሩት ፊሊፕ ፕፋፍ እ.ኤ.አ. በ1756 ባሳተሙት መጽሐፍ የመንጋጋን ልክ በሰም ወስዶ፣ በላዩ ጀሶ በማፍሰስ ቅርጹን ማውጣት እንደሚቻል ገልጸዋል። ሰም ግን ከአፍ ሲወጣ በቀላሉ ይጣመማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከጃፓን ይመጣ የነበረው አጋር ሲቋረጥ አልጂኔት በቦታው ተተካ፤ እርሱም ውኃው ሲተን ይኮማተራል። በኋላ የመጡት ፖሊኢተርና ሲሊኮን ይህን መዛባት በእጅጉ ቀነሱት።

የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንት ጋር የተያያዘው በጅማት ስለሆነ ከ25 እስከ 100 ማይክሮሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል፤ በመሆኑም መጠነኛ ስሕተትን ይችላል። ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ፐር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ ቲታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ በ1952 ካስተዋሉና በ1965 የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ካከሙ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ኢምፕላንት ጅማት ስለሌለው የሚንቀሳቀሰው ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። በትክክል ያልገጠመ ድልድይ በብሎን ተጠብቆ ሲታሰር ውጥረቱ በዚያው ይቀራል፤ ብሎኑ ሊላላ፣ ድልድዩም ሊሰበር ይችላል። ብሮኔማርክ በ1983 ክፍተቱ ከ10 ማይክሮሜትር እንዳይበልጥ ሲያሳስቡ፣ ቶርስተን የምት በ1991 እስከ 150 ማይክሮሜትር ያለውን ተቀባይነት እንዳለው ቆጥረዋል። የሁለቱ አኀዞች መራራቅ ጉዳት የሚጀምርበት ወሰን አለመቆረጡን ያመለክታል።

ፈረንሳዊው ፍራንሷ ዱሬ በ1973 በመመረቂያ ጽሑፋቸው የጥርስን ልክ በብርሃን የመውሰድን ሐሳብ አቀረቡ። በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሐኪሙ ቨርነር ሞርማንና መሐንዲሱ ማርኮ ብራንደስቲኒ በ1985 ሴሬክ በተባለው መሣሪያ የመጀመሪያውን ሕመምተኛ አከሙ። የተሠራው ለአንድ ጥርስ የሚሆን የሴራሚክ ሙሌት ነበር። ይህን ማስታወስ ይገባል፤ መሣሪያው የተወለደው ለአጭር ርቀት ነውና።

በአፍ ውስጥ በሚካሄድ ስካን የሚጣመም ሰም፣ የሚኮማተርም አልጂኔት የለም። ሆኖም ስሕተቱ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። መሣሪያው የሚያነሣቸው ትንንሽ ምስሎች እርስ በርስ እየተቀጣጠሉ ሲሄዱ በየመጋጠሚያው ያለው ኢምንት ስሕተት ይጠራቀማል። ጥርስ የሌለው ድድ ለስላሳና ምልክት አልባ በመሆኑ ችግሩ ይብሳል። ስለዚህ ለአንድ ጥርስና ለአጭር ድልድይ ዲጂታል ልክ ከተለመደው ጋር የሚወዳደር ሲሆን፣ ለሙሉ መንጋጋ ግን ጥንቃቄ ይሻል። የምትና ባልደረቦቻቸው በ1999 የኢምፕላንቶችን አቀማመጥ በፎቶግራፍ የመለካት ዘዴን በሕሙማን ላይ የሞከሩት ለዚሁ የልክ ጉዳይ ሌላ መንገድ ሲሹ ነበር።

እንግዲህ ባለሙያው ሁለት ነገሮችን መለየት ይኖርበታል። ደጋግሞ ተመሳሳይ ውጤት መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ከእውነተኛው መጠን ጋር መቀራረብ ሌላ ነው። መሣሪያ ያንኑ ስሕተት ደጋግሞ ሊያሳይ ይችላል። ስለሆነም ረጅም ድልድይ ከመጠናቀቁ በፊት በአንደኛው ጫፍ ያለውን ብሎን ብቻ አጥብቆ፣ ሌላኛው ጫፍ መነሣት አለመነሣቱን በዐይንና በራጅ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ፍተሻ በሰም ዘመን ያስፈልግ እንደነበረው ሁሉ በብርሃንም ዘመን አልተሻረም።