ጋምቤላ ላይ ማን የት ያድር ነበር?

ጋምቤላ ማደሪያ የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ ወሩን ይንገረኝ። ዕድሜዬን እዚሁ ከተማ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የዘመድ አዝማዱ አስጎብኚ ሆኛለሁ። በቀደም የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውላ፣ «አጎቴ፣ ጫካ ውስጥ ያለች የእንጨት ቤት ይፈልጉልን፤ ከጓደኞቼ ጋር በእግራችን እየዞርን ጥቂት ቀን እናርፋለን» አለችኝ። መቼ እንደሆነ ስጠይቃት «ፈቃድ የሚሰጡኝ ነሐሴ ላይ ነው» አለች። ነሐሴ! በነሐሴ እዚህ አገር እንደልቡ የሚንቀሳቀሰው ድሮም መርከብ ነበር።

መርከቡን ያመጣው ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም የተፈራረሙት ውል ነው። ውሉ በዋናነት የሱዳንን ወሰን የሚመለከት ቢሆንም፣ በአንዱ አንቀጽ ኢታንግ አጠገብ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ በኪራይ ይፈቅዳል። የወንዝ ዳሩ ርዝመት ከ2,000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱ ከ400 ሄክታር አይበልጥም፤ ለፖለቲካም ለጦርም ሥራ አይውልም። በኋላ የተመረጠው ግን ከኢታንግ ወደ ላይ፣ ጀጀቤ ከባሮ የሚቀላቀልበት ጋምቤላ ሆነ።

ከካርቱም ተነስቶ በነጭ ዓባይ፣ በሶባትና በባሮ የሚመጣው መርከብ እዚህ የሚደርሰው ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነበር፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ። ጨውና አቡጀዲ አራግፎ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭኖ ይመለሳል። ችግሩ ያን ጊዜ አዲስ ቡና አለመኖሩ ነበር። የኢሉባቦር ቡና የሚለቀመው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ሲራራ ነጋዴውም አጋሰሱን ጭኖ ከጎሬ በቡሬ በኩል ቁልቁለቱን የሚወርደው ጭቃው ሲደርቅለት ነው። በበጋ የወረደ ቡና እንግዲህ የክረምቱን መርከብ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ይህንን ነበር፦ መጋዘኑ የተሠራው፣ የግሪክና የሶሪያ ነጋዴዎች ቤት ቀልሰው የተቀመጡት፣ የሱዳን ጉምሩክ ሹም ዓመቱን ሙሉ ላቡን እየጠረገ የሰነበተው ወንዙ እስኪሞላ ለመጠበቅ ነው። የዛሬዋ ከተማ መነሻ ይኸው መጠባበቅ ይመስለኛል። መንገዱና የቡናው መድረሻ ወር ከመርከቡ ጋር ቢገጥም ኖሮ ነጋዴው ዕቃውን ከበቅሎ ወደ መርከብ አዛውሮ ይሄድ ነበር።

ደገኛው ግን አይጠብቅም። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ናት፤ ጋምቤላ 500 ቢሆን ነው። ከጎሬ ጋቢ ደርቦ የተነሳ ሰው ቆላ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። ሰውን ወባ፣ በቅሎን ገንዲ ያሰጋዋል። ስለዚህ ሸጦ፣ ጨውን ገዝቶ ቶሎ ሽቅብ! በመሃል ያለውን ደን የሚያውቀው ተሻግሮት ነው፤ አንድ ሰው «ጫካ ገብቼ ልረፍ» ቢለው፣ መንፈስ ያደረበት ይመስለው ነበር።

የእንግሊዞቹ ቆይታ እንደ አመጣጡ በውል አለቀ። ጣሊያን በ1928 ወረረን፤ መጋቢት 1933 ላይ ከቤልጂግ ኮንጎ የመጣ ጦር ጋምቤላን ከጣሊያን አስለቀቀ፤ እንግሊዝም ጣቢያውን መልሶ ያዘ። ኪራዩ የሚጸናው ግን ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነበር። ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ነፃ ወጣች፤ በጥቅምት 1949 ጋምቤላ ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ጫካ። እሷ የላከችልኝ ፎቶ ላይ ያለው ቤት የካናዳ ይመስለኛል፤ ግንዱ እንደ ጠረጴዛ ተወልውሏል። እኛ ዘንድ ደን ውስጥ ማደርን የሚያውቁት የደኑ ነዋሪዎች መዠንግሮች ናቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻ አብሯቸው ኖሮ መጽሐፍ የጻፈው አሜሪካዊ አጥኚ ጃክ ስታውደር እንዳሳየው፣ መንደራቸው ትንሽ ነበረች፤ ጥቂት ዓመት በቆሎና ማሽላ ካበቀሉ በኋላ መሬቱን ለደኑ መልሰው ሌላ ቦታ ይሰፍሩ ነበር። ቤቱም የሚሠራው ለዚያው ያህል ዕድሜ ነበር። ቋሚው ንብረት ከላይ ተሰቅሏል፦ ከግንድ ተፈልፍሎ ረጅም ዛፍ ላይ የሚቀመጠው ቀፎ። ቡናውንም ከፍሬው ይልቅ ቅጠሉን አፍልተው፣ ሚጥሚጣና ቅመም ጨምረው ይጠጡታል። በመጀመሪያ ሲቀምሱት ያስነጥሳል፤ በዝናብ ርሰው ሲገቡ ግን ከሱ የሚሻል አላገኘሁም። ዛሬ ብዙዎቹ በቋሚ መንደር ይኖራሉ፤ ከደጋ የመጣ ሰፋሪና የቡና እርሻ ደኑን ገፍቶታል። ዩኔስኮ በሰኔ 2009 የመዠንግርን ደን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ ሲመዘግበው ስፋቱ ከ225 ሺህ ሄክታር በላይ ነበር።

ለልጅቱ የሰጠኋት ዕቅድ ይህ ነው። ነሐሴን ተዪው፤ ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ነዪ። መጋቢት ደግሞ አይሁን፣ ሙቀቱ ጋምቤላ ከተማ ላይ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ከአዲስ አበባ በቴፒ በኩል ይቀርባችኋል። ሌሊቱን በመዠንግር ዞን ዋና ከተማ በሜጢ እደሩ፤ የተወለወለ ግንድ አትጠብቁ፣ አጎበር ግን ያዙ። ቀን ቀን በእግራችሁ ደኑን ዙሩ፤ በጫካ የተከበበውን የቢሻን ዋቃ ሐይቅ ሳታዩ አትመለሱ። መንገድ መሪያችሁ መዠንግር ይሁን፤ ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። ዛፍ ላይ ቀፎ ስታዩም ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳትጠይቁ እንዳትጠጉት፤ ጫካ ነው ብላችሁ የማንም እንዳይመስላችሁ።