ኮሊስቲን፦ ተጥሎ የተነሣው መድኃኒት

ኮሊስቲን በ1940ዎቹ ማብቂያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጃፓን ውስጥ ከአንድ የአፈር ባክቴሪያ ተገኘ፤ በ1959ም ለሕክምና ዋለ። የግራም-ኔጋቲቭ ባክቴሪያን ውጫዊ ሽፋን ስለሚያፈርስ ሲውዶሞናስን ጭምር ይገድላል። ይሁን እንጂ ኩላሊትንና ነርቭን እንደሚጎዳ ብዙም ሳይቆይ ታወቀ። ጄንታማይሲን ሲመጣ፣ ሐኪሞች በ1970ዎቹ በመርፌ የሚሰጠውን ኮሊስቲን እየተዉት ሄዱ። በትንፋሽ የሚወሰደውና የሚቀባው ዓይነት ቀጠለ፤ ከሁሉ በላይ ግን በእንስሳት መኖ ውስጥ ይጨመር ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙዎችን ያላሳሰበው ይህ ልማድ ኋላ ዋጋ አስከፍሏል።

በ1990ዎቹ ካርባፔኔምን የተላመዱ ሲውዶሞናስና አሲኔቶባክተር በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በረከቱ። በ2001 ኬፒሲ፣ በ2009 ደግሞ ኤንዲኤም-1 የተባሉት ካርባፔኔምን የሚያፈርሱ ኤንዛይሞች ይፋ ሆኑ። ሐኪሞችም ወደ ተጣለው መድኃኒት ተመለሱ። ነገር ግን መድኃኒቱ የተፈቀደው ዛሬ ግድ የሚባለው የመጠን ጥናት ሳይደረግበት ነበር። መለኪያው እንኳ አንድ አልነበረም፦ አውሮፓ በዓለም አቀፍ ዩኒት፣ አሜሪካ በሚሊግራም ኮሊስቲን ቤዝ ያዝዛሉ፤ 1 ሚሊዮን ዩኒት 33 ሚሊግራም ገደማ ነው። ይህን ማምታታት ለኩላሊት አደገኛ እንደሆነ ግልጽ ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ኮሊስቲሜቴት በበኩሉ ወደ ኮሊስቲን የሚለወጠው በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው። በ2009 የታተመ፣ በግሪክ ጽኑ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሕክምናው ከፍ ባለ የመነሻ መጠን ካልተጀመረ በደም ውስጥ የሚፈለገው ክምችት የሚገኘው ከቀናት በኋላ ነው። በሴፕሲስ የተያዘ ሕመምተኛ ያን ያህል ጊዜ የለውም።

የላቦራቶሪው ጣጣም ቀላል አይደለም። ሞለኪውሉ ትልቅ በመሆኑ በአጋር ውስጥ በሚገባ አይሰራጭም፤ ስለዚህ የተለመደው የዲስክ ምርመራ ለኮሊስቲን አያስተማምንም።

በኅዳር 2015 ከቻይና የተሰማው ዜና ተስፋውን አጨለመው። ኤምሲአር-1 የተባለው፣ በፕላዝሚድ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚሻገር ጂን በአሳማዎች፣ በሥጋና በሕሙማን ላይ ተገኘ። ቻይና ኮሊስቲን እንስሳትን ለማወፈር ከመኖ ጋር እንዳይጨመር ከ2017 ጀምሮ ከለከለች። በ2018 ደግሞ በእስራኤል፣ በግሪክና በጣሊያን 406 ሕሙማንን ያካተተ ጥናት፣ አብዛኞቹ በአሲኔቶባክተር የተያዙ ሲሆኑ፣ ሜሮፔኔም በኮሊስቲን ላይ መጨመሩ የተሻለ ውጤት እንዳላስገኘ አሳየ።

በ2015 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሴፍታዚዲም-አቪባክታም ኬፒሲ ባላቸው ባክቴሪያዎች ላይ ከኮሊስቲን ይመረጣል፤ በኤንዲኤም ላይ ግን ብቻውን አይሠራም፣ አዝትሪዮናም ሊታከልበት ይገባል። ስለዚህ ኤንዛይሙን ለይቶ ማወቅ የምርጫው መነሻ ሆኗል። አዲሶቹ መድኃኒቶች በማይደርሱበት ሆስፒታል ያለ ሐኪም ግን ዛሬም ኮሊስቲንን ያዝዛል፣ ክሬቲኒኑንም በቅርብ ይከታተላል።