እምነት ፍሬ ነገር ነው ወይስ አስተያየት? ከክብረ ነገሥት እስከ ደቂቀ እስጢፋኖስ



ለዛሬው ንግግር ርእስ የሆነኝ በተማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ ደጋግሞ የሚገጥመኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ይህ የእኔ እምነት ነው» የሚል። ጸሐፊው ስለ አንድ ንጉሥ ወይም ስለ አንድ ጦርነት የጻፈውን በማስረጃ እንዲደግፍ ሲጠየቅ ይህን ዐረፍተ ነገር እንደ ጋሻ ያነሣዋል። እምነት ነውና አይመረመርም ማለቱ ነው። የተቃራኒው ወገን ደግሞ «እርሱማ እምነት እንጂ ታሪክ አይደለም» ብሎ ጉዳዩን በአንድ ቃል ይዘጋዋል። አንዱ እምነትን ሰቅሎ፣ ሌላው ጥሎ፣ ሁለቱም ከምርመራ ያወጡታል። የታሪክ ባለሙያ ግን ይህን ማድረግ አይችልም፤ ከእጁ የሚገባው ሰነድ አብዛኛው የሰዎች እምነት የተጻፈበት ነውና።

የፍርድ ቤቶቻችን ቋንቋ እዚህ ላይ ይረዳናል። ዳኞች «የፍሬ ነገር ክርክር» እና «የሕግ ክርክር» ብለው ይለያሉ። ፍሬ ነገር ማለት የተረጋገጠ ነገር ማለት አይደለም፤ በማስረጃ ሊረጋገጥ ወይም ሊስተባበል የሚችል ነገር ማለት ነው። አንድ ከሳሽ «ደብድቦኛል» ሲል ውሸቱን ቢሆን እንኳ ያነሣው የፍሬ ነገር ክርክር ነው፤ ሐሰት መሆኑ ወደ አስተያየትነት አይለውጠውም። (በነገራችን ላይ «አመነ» የሚለው ግስ በችሎት ሌላ ፊት አለው። «ተከሳሹ አመነ» ሲባል ስለ ልቡ የምንናገረው ነገር የለም፤ በአደባባይ የፈጸመውን አንድ ድርጊት፣ መቀበሉን፣ መመዝገባችን ነው። ይህን የግሱን ሁለት ፊት ለኋላ ያዙልኝ።)

እንግዲህ አንድ ሰው «ቀዳማዊ ምኒልክ የሰሎሞንና የንግሥተ ሳባ ልጅ እንደ ሆነ አምናለሁ» ቢል በአንድ ትንፋሽ ሁለት ነገር ተናግሯል። አንደኛው ስለ ራሱ ነው፤ እንዲህ እንደሚያምን። ሁለተኛው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በኢየሩሳሌም ተደረገ ስለተባለ ነገር ነው። ሁለቱም የፍሬ ነገር ጉዳዮች ናቸው፤ ማስረጃቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። አስተያየት የምንለው ገና አልመጣም። «ሳባ ታላቅ ንግሥት ነበረች» ወይም «ሥርወ መንግሥቱ ለአገር በጅቷል» ሲል ያን ጊዜ ይመጣል። ስለ ሰሎሞን የተነገረውን «አስተያየት ነው» ብለን በጨዋነት ብናልፈው ለአማኙ ክብር የሰጠን ይመስለናል፤ እርሱ ግን የተናገረው ስለ ምርጫው አይደለም፤ ተደርጓል ስለሚለው ነገር ነው። እንደ ሰማነው እንኳ አልቈጠርነውም።

አሁን ወደ ክብረ ነገሥት ልምጣ። መጽሐፉ በእጃችን ባለበት መልክ የተዘጋጀው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንደ ሆነ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። በመደምደሚያው ስሙን የተወልን የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ ነው። ይኩኖ አምላክ በ1270 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ከዛጔ ነገሥታት ከወሰደ ገና ብዙ አልቈየም ነበር። በሰሎሞን ዘመንና በይስሐቅ ብዕር መካከል ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ዓመታት አሉ። ስለዚህ መጽሐፉ ስለ ሰሎሞን ሲመሰክር ከሰሚ ሰሚም የራቀ ምስክር ነው። ስለ 14ኛው ክፍለ ዘመን ሲመሰክር ግን የዓይን ምስክር ይሆናል፤ አዲሱ ሥርወ መንግሥት መብቱን በምን ቋንቋ ያስረዳ እንደ ነበር፣ የአክሱም ካህናት ከተማቸውን በምን ዓይን ያዩ እንደ ነበር ከዚህ የተሻለ የሚነግረን የለም። ያው አንድ መጽሐፍ፣ ያው አንድ ገጽ፣ እንደ ጥያቄያችን ደካማም ብርቱም ምስክር ይሆናል።

ይህ መጽሐፍ ከአምስት መቶ ዓመታት በላይ ቈይቶ በአንድ ዲፕሎማሲያዊ ደብዳቤ ውስጥ ብቅ ይላል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስ ካሰባሰቧቸው መጻሕፍት ብዙዎቹን ወሰደ፤ ወደ 350 የሚጠጉት ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ገቡ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዘውድ ጫኑ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ለእንግሊዝ መንግሥት ጻፉ። የደብዳቤው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ በእናንተ እጅ ነው፤ የመላው ኢትዮጵያ ሕግ፣ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም በእርሱ ተጽፎአል፤ ያለ እርሱ ሕዝቤ አይታዘዝልኝምና ላኩልኝ። ሙዚየሙ ከመቅደላ የመጡ ሁለት ቅጂዎች ነበሩት፤ አንዱ በታኅሣሥ 1865 ዓ.ም. እንዲመለስ ተደረገ።

ይህን ደብዳቤ ከተማሪዎች ጋር ስናነብ ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ነው፤ እዚህ ውስጥ ፍሬ ነገሩ የቱ ነው? የሚቀናቸው መልስ «ሕዝቡ በክብረ ነገሥት ያምን ነበር፤ እነሆ ንጉሡ ራሳቸው መሰከሩ» የሚል ነው። እኔ እንዲህ አልቸኩልም። ደብዳቤው የለማኝ ደብዳቤ ነው፤ የሚለምን ደግሞ ችግሩን አያሳንስም። ዮሐንስ መጽሐፉ ሳይመለስ ነግሠዋል፤ ዘውዱን ሲጭኑ መጽሐፉ ለንደን ነበር። ደግሞም የጠየቁበትን ምክንያት ልብ ብለን ብናነበው፣ የሰሎሞንን ስም ጠርተው አይደለም፤ የሹመቱንና የአውራጃውን ዝርዝር ነው ያነሡት። ማን የት እንደ ተሾመ፣ የትኛው ደብር የቱን እንደ ያዘ የተጻፈበት ጥራዝ ለአዲስ ንጉሥ ምን ያህል እንደሚጠቅም የርስትን ክርክር ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እምነቱና መዝገቡ በአንድ ገበታ ተጠርዘው ነበር። ንጉሡ የፈለጉት የትኛውን ነው ብሎ መነጣጠል የእኛ ዘመን ጥያቄ ይመስለኛል።

ስለ ልባቸው ደብዳቤው ምንም አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው ሌላ ነገር ነው፤ በ1864 ዓ.ም. አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ይህ መከራከሪያ ባዕድ መንግሥትን ያሳምናል ብለው እንደ ገመቱ፣ ግምታቸውም እንደ ሠራ። አንድ ሙዚየም ከመደርደሪያው ላይ መጽሐፍ አውርዶ ላከ። እምነቱን ባንጋራ፣ ሐሰት ነው ብንልም እንኳ፣ የመጽሐፉ መመለስ የተደረገ ነገር ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን እምነቱ አንድ እርምጃ ተራመደ። የ1923ቱም ሆነ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የዐፄ ኃይለ ሥላሴን ዘር ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አሳልፎ ሳይቋረጥ እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ፣ እስከ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ያደርሰዋል። እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር በአንቀጽ ሲቀመጥ ምን ይሆናል? ሕግ ዙፋን ለማን እንደሚገባ መወሰን ይችላል፤ ሦስት ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ግን የሆነውን ሊያስሆን አይችልም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲታገድ አንቀጹ በአንድ ማለዳ ኃይሉን አጣ። የሰሎሞንና የሳባ ጉዳይ ግን ከበፊቱ ቦታው ፈቀቅ አላለም፤ አዋጁ አላጸናውም፣ ሻሪው አዋጅም አላፈረሰውም።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ታሪክ ጸሐፊ ነገርን አጥርቶ የሚያይ አእምሮ፣ የማያዳላ ልቡናና የጠራ አነጋገር ያስፈልገዋል ብሎ ከመቶ ዓመት በፊት ጽፎልናል። ገብረ ሕይወት ራሱ ሲያመሰግን በሙሉ አፉ፣ ሲነቅፍም በሙሉ አፉ ነበር። እኔ እንደምረዳው አለማዳላት ያለው እምነት የሌለው ሰው መሆንን አይደለም። ይህን የማነሣው በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች ስለ አንዱ ንጉሥ ሁለትና ሦስት ታሪክ ይዛችሁ፣ አንዱ አስፋፊ ሌላው አንድ አድራጊ እያላችሁ፣ በአንድ መኝታ ክፍል ስለምታድሩ ነው። ክርክሩ ከቃል አልፎ ደም ያፈሰሰበትን ጊዜም አይተናል። አያት ለልጅ ልጅ የነገረችው ታሪክ ማስረጃ ነው፤ የምን ማስረጃ እንደ ሆነ ግን መጠየቅ አለበት። ማን ነገራት፣ መቼ፣ ለምን ያኔ? «የእኔ እምነት ነው» ብሎ ከዚህ ጥያቄ የሚያመልጥ ሰው አያቱንም ከምስክርነት ያሰናብታታል።

የመጨረሻው ምሳሌዬ ይከብዳል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ ለንጉሥ አንሰግድም ብለው ተነሡ። ስግደት ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው አሉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) በብርቱ ቀጣቸው፤ ብዙዎቹ በግርፋትና በስቃይ ሞቱ። የቤተ መንግሥቱ ወገን የድንግል ማርያምና የመስቀል ጠላቶች ብሎ ጻፈባቸው። ለረጅም ጊዜ ስለ እነርሱ ሲነገር የኖረው ይኸው ነበር። የራሳቸውን ገድል ግን ጽፈው ነበር፤ ጉንዳ ጉንዶን የመሰሉ ገዳሞቻቸው መጻሕፍቱን ጠበቁ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ገድላቱን ወደ አማርኛ መልሰው «ደቂቀ እስጢፋኖስ» በሚል መጽሐፍ ስላሳተሙልን ዛሬ ግእዝ የማያነብ ሁሉ የተከሳሾቹን ቃል መስማት ይችላል።

እነዚህ ሰዎች ምን ያምኑ ነበር? ይህ የአስተያየት ጥያቄ አይደለም። ሁለት ወገን ምስክር አለን፤ ሁለቱም ባለጉዳይ ናቸው። ለንጉሥ አለመስገዳቸውን ከሳሽም ተከሳሽም ይስማሙበታል፤ በችሎቱ ቋንቋ አምነዋል። ይህን የተረጋገጠ አድርጌ እጽፈዋለሁ። ማርያምን አያከብሩም የሚለው ግን የመጣው ሊያጠፋቸው ከተነሣው ወገን ነው፤ ስለዚህ በእኔ ሚዛን ክብደቱ እጅግ ያነሰ ነው። ከፍ ብዬ ስለ ዐፄ ዮሐንስ ልብ ደብዳቤው አያረጋግጥም ብያለሁ። እዚህ ግን ሌላ ዓይነት ማስረጃ አለ፤ አንድ ጊዜ ጎንበስ ቢሉ የሚድኑ ሰዎች አልጎነበሱም። መስገድ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለሥነ መለኮት ሊቃውንት እተዋለሁ፤ እነርሱ ማመናቸውን ግን ከዚህ የበለጠ እንዲያስረዱኝ የምጠይቃቸው ነገር የለኝም።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። ስለ ክብረ ነገሥት ዘመን በተለይ ከእኔ የሚለዩ ባልደረቦች እዚህ እንዳሉ አውቃለሁና መድረኩን ለሰብሳቢው መልሼ ጥያቄያችሁን እጠብቃለሁ።