በሐበሻ ስም የተጠራች ቤተ ክርስቲያን

በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሃርለም በሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር፣ 138ኛው መንገድ ላይ አንድ ትልቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ስሙ «አቢሲንያን ባፕቲስት ቸርች» ነው። መጀመሪያ የሄድኩት አንድ እሁድ ጠዋት ነው። በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር፤ ግማሹ ምእመን፣ ግማሹ ካሜራውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጎብኚ። ሰልፉን የሚያስተናግዱት ነጭ ጓንት ያጠለቁ አንዲት አሮጊት ናቸው። እኔ ዘንድ ሲደርሱ «ከየት መጣህ ልጄ?» አሉኝ። «ከኢትዮጵያ» አልኳቸው። እጄን ለቀም አድርገው ከሰልፉ አወጡኝና «እናንተማ መሥራቾቻችን ናችሁ! እንዴት ውጭ ትቆማለህ?» ብለው ከፊት ረድፍ አስቀመጡኝ።

ያልሠራሁበትን ደመወዝ የተቀበልኩ ያህል ተሰማኝ። ደስ አላለኝም ብል ግን እዋሻለሁ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የዚህችን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ እየተከታተልኩ ካነበብኩት ጥቂቱን ለአንባቢ ላካፍል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በ1808 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ወደብ ከተማ «ፈርስት ባፕቲስት» በምትባል የነጮች ቤተ ክርስቲያን የሚያመልኩ ጥቁሮች ነበሩ። መቀመጫቸው ለብቻ ተከልሎ ከላይ ሰገነቱ ላይ ነው። አንድ ቀን፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ እንደምትተርከው፣ ከሀገራቸው በመርከብ የመጡ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ሊያስቀድሱ ይገባሉ። «እናንተም ወደ ሰገነቱ» ይባላሉ። ክርስትናን ከነጮቹ አባቶች ቀድመው የያዙት ሰዎች ይህን አልቀበልም ብለው ይወጣሉ፤ ጥቁር አሜሪካውያኑም አብረዋቸው። አዲስ ቤተ ክርስቲያን ይመሠርቱና በእንግዶቹ አገር ስም አቢሲንያ ይሏታል።

ታሪኩ ያምራል። ችግሩ ማማሩ ነው። በ1808 እኛ ምን ላይ ነበርን? ዘመነ መሳፍንት ላይ። ጎንደር ያለው ንጉሥ ከስሙ በቀር ሥልጣን የለው፤ ምጽዋ በቱርክ እጅ ናት። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ትግሬ ገብቶ ራስ ወልደ ሥላሴን ያነጋገረው በ1805 ነው፤ ያን ጊዜ አንድ ፈረንጅ ወደኛ መምጣቱ ራሱ መጽሐፍ የሚጻፍበት ጉዳይ ነበር። ከዚህ አገር ተነሥቶ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ አፍሪካን ዞሮ ኒው ዮርክ የሚደርስ ነጋዴ ከየት ይምጣ? አንድ ሁለት መርከበኛ ከዐረብ ወደብ ተቀጥሮ ሊሄድ ይችላል። አይቻልም አልልም። የነጋዴ ጓድ ግን አይታየኝም።

በሌላ በኩል አቢሲንያ የሚለው ስም እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው በዚያን ጊዜ እንግዳ አልነበረም። የሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ» በ1759፣ የጄምስ ብሩስ ጉዞ ደግሞ በ1790 ታትመው ተነብበዋል። ከሁሉም በላይ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረ። ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ አምላክ እንደምትዘረጋ የሚናገረውን የዳዊት ቃል የአሜሪካ ባሮች እንደ ተስፋ ውል ይዘውት ኖረዋል። በሜይን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ያሉ ጥቁሮችም በ1820ዎቹ መጨረሻ ማኅበራቸውን አቢሲንያን ብለውታል፤ እዚያ የኢትዮጵያ ነጋዴ መጣ ያለ የለም።

ለባፕቲስት ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። ባፕቲስቶች ሕፃን አያጠምቁም። ወንዱን በ40 ሴቷን በ80 ቀን ለምናስጠምቀው ለእኛ ነገሩ ይከብደናል፤ እነሱ ግን አምኖ የመሰከረ አዋቂ ብቻ፣ መላ አካሉ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይጠመቃል ይላሉ። ከዋና ማስረጃዎቻቸው አንዱ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ ነው፤ አባቶቻችን ባኮስ የሚሉት። ሰውየው ይጠይቃል፣ ያምናል፣ ከሠረገላው ወርዶ ውኃ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ጥቁርም ባፕቲስትም ለሆነ የኒው ዮርክ ሰው ይህ ምዕራፍ ሁለት ጊዜ የራሱ ነው። በእኔ ግምት ስሙ የመጣው ከመርከብ ሳይሆን ከዚህ ነው።

ከስሙ ይልቅ እኔን የያዘኝ ግን ይህች ቤት እንዴት ሳትፈርስ ቆየች የሚለው ነው። ሰገነቱን ጥሎ መውጣት የአንድ ቀን ቁጣ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰኞ ነው አስቸጋሪው።

የወጡት ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹ ሴቶች። ሠራተኞች፣ ልብስ አጣቢዎች፣ የወደብ ሰዎች። በኒው ዮርክ ባርነት ገና አላበቃም፤ የ1799 ሕግ ቀስ በቀስ የሚል ነበርና መጨረሻው 4 ጁላይ 1827 ነው። ሲወጡም በቁጣ በሩን ወርውረው ብቻ አይደለም፤ በባፕቲስት ሥርዓት ከአንዲት ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላ የሚሄድ አባል ደብዳቤ ይዞ ነው፤ የእኛ ቀበሌ መሸኛ በሉት። በ1809 ይህን መሸኛቸውን ይዘው ራሳቸውን የቻሉ ሆኑ።

ሰባኪ ግን አልነበራቸውም። የተዋሱት ከቦስተን ነው። ቶማስ ፖል ይባላሉ፤ በ1773 በኒው ሃምፕሺር የተወለዱ ነጻ ጥቁር፣ በቦስተን በ1805 የተመሠረተችው የአፍሪካውያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ። የእርሳቸው ምእመናን በ1806 ያስመረቁት የጡብ ሕንፃ ዛሬም ቢከን ሂል ላይ ቆሞ ይገኛል። ቶማስ ፖል ኒው ዮርክ የቆዩት ለጥቂት ወራት ነው። አስተምረው፣ አደራጅተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ይህችን ነገር አደንቃለሁ። የተከሉትን ተክል የራሴ ነው ሳይሉ ትቶ መሄድ ለሰባኪ ቀላል አይደለም።

እንዲህ ያለችው ቤት ከደብር ይልቅ እድር ትመስለኛለች። ጳጳስ የላትም፣ ሲኖዶስ የላትም፣ ከበላይ ሆኖ የሚያዝዛትም የሚረዳትም የለም። መጋቢውን የሚመርጡት፣ ደመወዙን የሚወስኑት፣ ካልሆነም የሚያሰናብቱት ምእመናኑ በስብሰባ ነው። መዋጮ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ ቃለ ጉባኤ አለ። ጠብም አለ። የእድር ዳኛ የነበረ አንባቢ ነገሩ ይገባዋል።

ይህ ሥርዓት በዚያች ከተማ ምን ትርጉም እንደነበረው ለማወቅ አንድ ሕግ ማንሣት ይበቃል። በ1821 የወጣው የኒው ዮርክ ሕገ መንግሥት ለነጭ ወንዶች የንብረት መመዘኛውን ሲያላላ፣ ጥቁር ወንድ ግን ለመምረጥ የ250 ዶላር ንብረት እንዲኖረው አስገደደ። የልብስ አጣቢ ባል ይህን ከየት ያመጣል? በከተማው ጉዳይ ድምፅ የሌለው ሰው እሁድ በቤቱ ተነሥቶ ተናገረ፣ ሒሳብ ጠየቀ፣ እገሌ ይመራን አለ። ቤቱ ሲያንስ ደግሞ እያንዳንዱ ድምፅ ይከብዳል። ኋላ ከዚህች ቤት የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ቢወጣ ሊገርመን አይገባም።

የመጀመሪያ ቤታቸው አንቶኒ ጎዳና ላይ ነበር፤ ዛሬ ዎርዝ ይባላል። አካባቢው ኋላ ፋይቭ ፖይንትስ ተብሎ በድህነቱ ስሙ የወጣው ነው። በ1834 የባርነትን መቅረት የሚጠሉ ሰዎች ተነሥተው የጥቁሮችን ቤትና ቤተ ክርስቲያን ሰባበሩ፤ በ1863 የውትድርና ምልመላውን ሰበብ ያደረገ ሕዝብ የጥቁር ወላጅ አልባ ሕፃናትን ቤት አቃጠለ። ብዙዎች ከደሴቲቱ ሸሹ። የሚቀጥለው እሁድ ግን በሩን የሚከፍት ሰው መኖር ነበረበት።

ምእመኑ በኪራይና በረብሻ ወደ ሰሜን ሲገፋ ቤተ ክርስቲያኒቱም ተከተለችው፤ ግሪንዊች ቪሌጅ ውስጥ ዌቨርሊ ፕሌስ፣ ከዚያ 40ኛው መንገድ፣ በመጨረሻ ሃርለም። ያደገችው ግን ወዲያው አይደለም። ከ1856 እስከ 1885 የመሯት ዊልያም ስፔልማን ናቸው። ስማቸውን የሚያነሣ ዛሬ ጥቂት ነው፤ ሆኖም ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እዚያው ሆነው አጠመቁ፣ ዳሩ፣ ቀበሩ። ትንሽ ቤት የሚያድገው በእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ይመስለኛል፤ ታሪክ ግን ሕንፃ ላሠራው ያደላል።

ሕንፃ ያሠሩት አዳም ክሌይተን ፓወል፣ አባትየው፣ ናቸው። በ1865 በቨርጂኒያ ተወለዱ፤ በወጣትነታቸው ቁማርተኛ እንደነበሩ ራሳቸው ጽፈዋል። በ1908 ሲመጡ ቤቱ 40ኛው መንገድ ላይ ነው፤ ከባድ ዕዳ አለበት፤ በሩ ላይ ሴተኛ አዳሪዎች ይቆማሉ። የሃርለምን መሬት ገዝተን እንሂድ ሲሉ ሹማምንቱ እምቢ አሏቸው። ያለነበት ይበቃናል፣ ዕዳ ፈራን፣ አሉ። ፓወል በ1921 የሥራ መልቀቂያ አስገቡ። እዚህ ላይ ነው የእድሩ ሥርዓት ዋጋውን ያሳየው፤ ጉዳዩ ለጉባኤ ቀረበ፤ ተራው ምእመን መልቀቂያውን አልቀበልም ብሎ ሹማምንቱን በድምፅ ረታ።

ገንዘቡ የመጣው ከአሥራት ነው። ባለጸጋ አልተለመነም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ከደመወዙ አሥር አንዱን የሚያወጣ ሎሌና አብሳይ ነው ግድግዳውን ያቆመው። ሀምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ መጀመሪያ በባዶው መሬት ላይ ድንኳን ተክለው ሰበኩ፤ በጁን 1923 ሕንፃው ተመረቀ። ወጪው ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ነው። በ1928 የዕዳውን ሰነድ በምእመናኑ ፊት አቃጠሉት።

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። ኋላ ሒትለርን ተቃውሞ በ1945 የተሰቀለው ጀርመናዊው ዲትሪክ ቦንሆፈር በ1930 እና 31 ተማሪ ሳለ እዚህ እየመጣ ሕፃናትን አስተምሯል። በ1937 አባትየው ጡረታ ሲወጡ ወንበሩ ወደ ልጃቸው ተላለፈ፤ እኛ ርስት የምንለው ዓይነት ነገር ባፕቲስትም ዘንድ ይገባል ማለት ነው። አባላቷ 10 ሺህ ያህል ደርሰው ነበር። ልጅየው በ1945 የአሜሪካ ምክር ቤት ገቡ፤ ጮማ ንግግር አዋቂ፣ ለሕዝባቸው ትልቅ ሕጎች ያሳለፉ፣ ኋላም በገንዘብ አያያዝ ተከስሰው በ1967 ወንበራቸውን የተነፈጉ። በአሥራ ሁለት ሰው ቤት መጋቢው እሁድ ከቀረ ሁሉም ያውቃል፤ በ10 ሺህ ሰው ቤት ዋሽንግተን ነው ይባላል።

የእኛ ነገር ወደዚህች ቤት በእርግጥ የገባው በ1935 ነው። ሙሶሊኒ ሲዝትብን ሃርለም ተነሣ፤ በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ሕዝብ ተሰብስቦ ለኢትዮጵያ ጮኸ፤ ገንዘብም አዋጣ። እንዝመት ያሉትን የአሜሪካ መንግሥት ከለከለ። ጎንደርን በካርታ ላይ የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ሃርለም ድረስ መጡና ቤተ ክርስቲያኒቱን የኢትዮጵያ መስቀል ሸለሙ። ታቦት የሌለበት፣ ሥዕል የማይሳለምበት ቤት ውስጥ መስቀላችን ገባ፤ ምልክቷም አደረገችው። በ2007 ደግሞ የእኛን ሁለተኛ ሺህ ዓመት ለማክበር ከመቶ የሚበልጡ አባሎቿ አዲስ አበባ መጡ።

ባለፈው ዓመት እንደገና ሄድኩ። ነጭ ጓንት ያጠለቁት አሮጊት አሁንም አሉ፤ ጎብጠዋል፤ ረሱኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና ነገርኳቸው፤ ያንኑ ቃል ደገሙልኝ። በዚህ ጊዜ ያነበብኩትን ልንገራቸው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ስለ ዘመነ መሳፍንት፣ ስለ ምጽዋ፣ ስለ መርከቦቹ። ከዚያ የያዙትን የጸሎት ፕሮግራም ሰጡኝ። ሽፋኑን በጣታቸው እየነኩ «ይኸው፣ የእናንተ» አሉ። ዝም አልኩ። ይልቅ አያቶቻቸው መቼ ወደዚህ እንደመጡ ጠየቅኳቸው። እናታቸው ልብስ አጣቢ እንደነበሩ፣ ከሳምንት ደመወዛቸው እየቆረጡ ለሕንፃው እንዳዋጡ ነገሩኝ። የትኛው ድንጋይ የእናታቸው እንደሆነም አውቃለሁ አሉ። በግራ በኩል ያለውን ግድግዳ አሳዩኝና ሰልፉ ስለገፋቸው ሄዱ።

እኔ ከሰልፉ ኋላ ተመልሼ ተሰለፍኩ።